ግዙፍ ስታዲየሞች ውስጥ ሙዚቃ ጥርት ብሎ የማይሰማው ለምንድን ነው?

እአአ ኦገስት 15 ቀን 1965 ምሽት፣ ኒው ዮርክ በሚገኘው ሺአ ስታዲየም ከ55 ሺህ በላይ ሰዎች ተሰብስበው ነበር። የመጡት በወቅቱ ዓለምን ያነጋግሩ የነበሩትን አራት የሊቨርፑል ወጣቶች፣ ቢትልሶችን፣ ለማየትና ለመስማት ነው። ማየቱ ተሳካላቸው። መስማቱ ግን አልሆነም።

ቡድኑ ለዚህ ጉዞ ቮክስ የተባለው ኩባንያ በልዩ ሁኔታ የሠራቸውን ባለ 100 ዋት አምፕሊፋየሮች ይዞ ነበር። ለዘመኑ ትልቅ ኃይል ነው። ዛሬ ግን በአንድ መካከለኛ አዳራሽ የሚጫወት ቤዝ ጊታሪስት ብቻውን ከዚያ የሚበልጥ መሣሪያ ይዞ ይወጣል። የዘፋኞቹ ድምፅ ደግሞ በቤዝቦል ጨዋታ ቀን ማስታወቂያ በሚነገርባቸው የስታዲየሙ ድምፅ ማጉያዎች በኩል ጭምር ይለቀቅ ነበር። የአድናቂዎቹ ጩኸት ሁሉንም ዋጠው። ከበሮ መቺው ሪንጎ ስታር ጓደኞቹ የዘፈኑ የትኛው ክፍል ላይ እንደደረሱ የሚያውቀው ከኋላ ሆኖ የሰውነት እንቅስቃሴያቸውን በማየት እንደነበር ከጊዜ በኋላ ተናግሯል። ግማሽ ሰዓት ያህል ተጫውተው ወረዱ። በዓመቱ፣ ኦገስት 29 ቀን 1966፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በካንድልስቲክ ፓርክ ስታዲየም ካቀረቡት ዝግጅት በኋላ ቢትልሶች ለኮንሰርት ጉዞ ወጥተው አያውቁም። ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም፣ የገዛ ሙዚቃቸውን መስማት አለመቻላቸው አንዱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስድሳ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ በአንድ ትልቅ ከተማ ስታዲየም የሮክ ኮንሰርት የሚያሰናዳ ድርጅት መሣሪያውን የሚያጓጉዘው በበርካታ ከባድ የጭነት መኪኖች ነው። የቲኬቱ ዋጋም አብሮ አድጓል። ሆኖም ከኮንሰርት የሚመለሱ ሰዎች ቅሬታ ብዙም አልተለወጠም። ግጥሙ አይለይም፣ ቤዙ ሁሉን ነገር ሸፈነው፣ ድምፁ ሄዶ ተመልሶ ይመጣል ይላሉ። አንዳንዱ የድምፅ ባለሙያውን ይወቅሳል፤ ሌላው መሣሪያውን። ወቀሳው አልፎ አልፎ ተገቢ ሊሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ከሁለቱም አይደለም፤ ከቦታው ነው።

ቀርፋፋው ድምፅ

ብርሃን በሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ድምፅ ግን 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ባለው አየር ውስጥ በሰከንድ የሚሸፍነው 343 ሜትር ብቻ ነው። ሳሎን ውስጥ ሙዚቃ የሚያዳምጥ ሰው ይህ ልዩነት አይታወቀውም። በክረምት መብረቅ ብልጭ ካለ በኋላ ነጎድጓዱን የጠበቀ ሰው ግን ያውቀዋል።

ስታዲየም ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። ከመድረኩ 120 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ታዳሚ የከበሮው ምት ጆሮው የሚደርሰው ከተመታ ከሲሶ ሰከንድ በላይ ቆይቶ ነው። በደቂቃ 120 ምት ባለው ዘፈን በአንዱ ምትና በቀጣዩ መካከል ያለው ጊዜ ግማሽ ሰከንድ በመሆኑ፣ ድምፁ ለዚህ ሰው ሲደርስ ከበሮ መቺው ለሚቀጥለው ምት እጁን አንስቷል። ሕዝቡ አብሮ ሲያጨበጭብ ጭብጨባው ከፊት ወደ ኋላ እንደ ማዕበል የሚንከባለለውም በዚህ ምክንያት ነው። ምት የሳተ የለም፤ ሁሉም ያጨበጨበው በሰማበት ቅጽበት ነው።

መዘግየቱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ጆሮ በለመደው ነበር። ችግሩ አንዱ ድምፅ ደጋግሞ መምጣቱ ነው። ከመድረኩ ግራና ቀኝ ከተሰቀሉት ስፒከሮች በቀጥታ ይመጣል፤ ቀጥሎ ከጣሪያው ነጥሮ ይደርሳል፤ ከዚያ ከወዲያኛው ማዶ ካለው የኮንክሪት መቀመጫና ከክብር እንግዶች ክፍል መስታወት ተመልሶ ይሰማል። ከመድረክ የወጣ ድምፅ 120 ሜትር ተጉዞ ግድግዳ መትቶ ወደተነሳበት ለመመለስ 0.7 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ስሙን ተጣርቶ የገደል ማሚቶን ምላሽ የሰማ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ገደሉ ላይ ግን የተጠራው ስም አንድ ነው፤ ከተጠራ በኋላም ዝምታ አለ። ኮንሰርት ላይ ቃላቱ ያለ ፋታ ይከታተላሉ፤ የአንዱ ቃል ማሚቶ በሚቀጥለው ቃል ላይ ይወድቃል። ዘፋኞች ለብዙ ዓመታት በስታዲየም ሲዘፍኑ ከዜማው ይወጡ የነበረውም፣ ዛሬ አብዛኞቹ ከጆሯቸው ጋር የሚገጥም ትንሽ ማዳመጫ አድርገው የሚዘፍኑትም ከዚሁ የተነሳ ነው። ማዳመጫው ተመልሶ የሚመጣውን ድምፅ ከልክሎ ትኩሱን ብቻ ያሰማቸዋል። ታዳሚው ግን ይህ ዕድል የለውም።

ድምፅ በአንድ ክፍል ውስጥ ምን ያህል ጊዜ እያስተጋባ እንደሚቆይ በሳይንስ ለመለካት ፈር የቀደደው አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ዋላስ ክሌመንት ሳቢን ነው። እአአ በ1895 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ አንድ የመማሪያ አዳራሽ የመምህሩ ንግግር የማይለይበት ስለሆነበት እንዲያስተካክል ታዘዘ። ሳቢን ሌሊት ሌሊት የመቀመጫ ትራሶችን ወደ አዳራሹ እያስገባና እያስወጣ ድምፁ እስኪጠፋ የሚወስደውን ጊዜ ይለካ ነበር። ከልኬቱ ያገኘው ቀመር ዛሬም በሥራ ላይ ነው፤ ክፍሉ በሰፋ ቁጥር ማስተጋባቱ ይረዝማል፤ ድምፅ የሚመጥ ለስላሳ ነገር በበዛ ቁጥር ደግሞ ያጥራል። በእርሱ ምክር የተሠራውና እአአ በ1900 የተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ ከዓለም ምርጥ የሙዚቃ አዳራሾች መካከል ይቆጠራል። በዚያ አዳራሽ ድምፅ ከ2 ሰከንድ ጥቂት ላነሰ ጊዜ ይቆያል። ለቫዮሊንና ለዋሽንት ይህ ውበት ነው፤ ዜማውን ያያይዘዋል፣ ያለሰልሰዋል።

ሮክ ሙዚቃ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ዴንማርካዊው ተመራማሪ ኒልስ አደልማን-ላርሰንና የሥራ ባልደረቦቹ በሃያ የዴንማርክ ሮክ አዳራሾች ላይ አድርገውት እአአ በ2010 የታተመው ጥናት፣ ሙዚቀኞችና የድምፅ ባለሙያዎች የሚወዷቸው አዳራሾች እንደየስፋታቸው ከ0.6 እስከ 1.2 ሰከንድ ብቻ የሚያስተጋቡት መሆናቸውን አሳይቷል። ከሁሉም በላይ ጥሩውን አዳራሽ ከመጥፎው የሚለየው ወፍራሙ ድምፅ፣ ማለትም የቤዝ ጊታርና የትልቁ ከበሮ ድምፅ፣ ቶሎ መጥፋት አለመጥፋቱ ነበር። ጥናቱ የተካሄደው በአንጻራዊነት ትንንሽ በሆኑ አዳራሾች ነው። ጣሪያው ሙሉ በሙሉ የተከደነ ስታዲየም ውስጥ ድምፅ አራትና አምስት ሰከንድ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ሲንከራተት ይቆያል። በአምስት ሰከንድ ውስጥ ከበሮው አሥር ጊዜ ተመትቷል።

ለጩኸት የተሠራ ቤት

ይህ የሆነው በአርክቴክቶች ስንፍና አይደለም። የተጠየቁትን ነው የሠሩት። ስታዲየም የሚሠራው ለኳስ ነው፤ የኳስ ክለብ ደግሞ የሚፈልገው የደጋፊው ጩኸት ሜዳው ላይ እንዲወርድና ተጋጣሚውን እንዲያስጨንቅ ነው። እአአ በ2019 የተከፈተው የሰሜን ለንደኑ የቶተንሃም ስታዲየም በስተደቡብ በኩል 17,500 ደጋፊ የሚይዝ አንድ ወጥ መቀመጫ አለው፤ ሲነደፍ ከታሰበባቸው ነገሮች አንዱ ይህን የደጋፊ ድምፅ ማጉላት ነበር። የሲያትሉ የአሜሪካ እግር ኳስ ስታዲየም ጣሪያዎችም ጩኸቱን ወደ ሜዳው መልሰው ይወረውራሉ። እአአ በ2013 እዚያ የተለካው የደጋፊ ጩኸት 137.6 ዴሲቤል ደርሶ በጊነስ መዝገብ ሰፍሮ ነበር። በዓመቱ የካንሳስ ሲቲ ደጋፊዎች በ142.2 ዴሲቤል ክብሩን ነጠቁ።

እንግዲህ ኮንሰርት ሲመጣ፣ ጩኸትን እንዲይዝና እንዲመልስ ተደርጎ የተሠራ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ድምፅ እንዳይነጥር መታገል ይጀመራል። ሙዚቃን ጥርት አድርጎ ለማሰማት የሚያስፈልገውና ለኳስ ድባብ የሚያስፈልገው ነገር ተቃራኒ ናቸው። ስታዲየሙን በዓመት ለጥቂት ምሽቶች ለሚከራየው ሙዚቀኛ ሲል ግድግዳውን በድምፅ መጣጭ ነገር የሚሸፍን ባለቤት ብዙም አይገኝም።

ከግድግዳ እስከ ማማ

ከሺአ ስታዲየም በኋላ የመጡ ባለሙያዎች መጀመሪያ የተከተሉት መንገድ ኃይል መጨመር ነበር። ቢል ሃንሊ የተባለው አሜሪካዊ የድምፅ ባለሙያ እአአ በ1969 ከ400 ሺህ በላይ ሰው ለተገኘበት የዉድስቶክ ፌስቲቫል ስፒከሮችን በከፍታ ላይ ሰቅሎ ኮረብታው ላይ ለተቀመጠው ሕዝብ ማሰማት ችሏል። ሜዳው ክፍት በመሆኑ የሚያስተጋባ ነገር አልነበረም፤ ከዚህ አንጻር ዉድስቶክ ከስታዲየም ይቀላል።

ከሁሉም የተለየውን ሙከራ ያደረገው ግሬትፉል ዴድ የተባለው የካሊፎርኒያ የሮክ ቡድን ነው። የቡድኑ የድምፅ አማካሪ ኦውስሊ ስታንሊና ጓደኞቹ እአአ በ1974 "የድምፅ ግድግዳ" የተባለውን ግዙፍ መሣሪያ አቆሙ። 600 ገደማ ስፒከሮች ነበሩት፤ ኃይሉ ከ26 ሺህ ዋት በላይ፣ ክብደቱ 75 ቶን ገደማ ነበር። የሺአ ስታዲየሞቹን ባለ 100 ዋት ሳጥኖች ለሚያስታውስ ሰው ዘጠኝ ዓመት ረጅም ጊዜ መሆኑን ያሳያል። እያንዳንዱ የሙዚቃ መሣሪያ የራሱ የስፒከር ረድፍ ስለነበረው ድምፆቹ በአንድ ስፒከር ውስጥ አይረጋገጡም ነበር። ግድግዳው የቆመው ከሙዚቀኞቹ ጀርባ በመሆኑ እነሱም የሚሰሙት ታዳሚው የሚሰማውን ነው። ማይክራፎኑ ከስፒከሩ ፊት ሲሆን የሚመጣው የታወቀው የፉጨት ጩኸት እንዳይፈጠር ለእያንዳንዱ ዘፋኝ ሁለት ማይክራፎን ተሰጥቶ፣ አንደኛው በተቃራኒ መንገድ ተገናኝቷል። ዘፋኙ የሚዘፍነው በአንዱ ብቻ ነው፤ ሁለቱም እኩል የሚሰሙት የግድግዳው ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋል።

የሰሙት ሰዎች ጥራቱን እስከዛሬ ያወሳሉ። ግን 75 ቶን ጭኖ ከከተማ ከተማ መዞር የሚቻል አልሆነም። ግድግዳው በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ወረደ፤ ዳግመኛም በዚያ መልኩ አልተተከለም።

ዘላቂ መፍትሔ ሆኖ የቀረው ሌላ፣ ብዙም ትኩረት የማይስብ ሐሳብ ነው። ድምፁን ከአንድ ቦታ በኃይል ከመግፋት ይልቅ በሜዳው መካከል ተጨማሪ የስፒከር ማማዎችን ማቆም፤ ነገር ግን የእነዚህን ማማዎች ድምፅ ሆን ብሎ ማዘግየት። ካልዘገየ ከኋላ የቆመ ሰው ዘፈኑን መጀመሪያ ከአጠገቡ ካለው ማማ፣ ቆይቶ ደግሞ ከመድረኩ ስለሚሰማው እያንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ያደምጣል። በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሄደው የድምፅ ምልክት ከአየር ላይ ድምፅ እጅግ ስለሚፈጥን፣ ማማው ላይ በልኩ እንዲጠብቅ ይደረጋል። እአአ በ1973 ኒው ዮርክ ግዛት ዋትኪንስ ግሌን ላይ 600 ሺህ ገደማ ሰው በተሰበሰበበት ኮንሰርት ለዚህ ሥራ ዲጂታል የማዘግያ መሣሪያ ጥቅም ላይ ውሎ ነበር።

እዚህ ላይ የሰው ጆሮ አንድ ውለታ ይውላል። ጀርመናዊው ሄልሙት ሃስ እአአ በ1949 ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት፣ አንድ ድምፅ ከሁለት አቅጣጫ በጥቂት ሺህኛ ሰከንዶች ልዩነት ሲመጣ አእምሮ ሁለቱን እንደ አንድ እንደሚቆጥርና ምንጩን መጀመሪያ በመጣው አቅጣጫ እንደሚወስን አሳይቷል። ሁለተኛው የበለጠ ቢጮህ እንኳ፣ ልክ ካላለፈ፣ አእምሮ ይታለላል። ስለዚህ ባለሙያው የማማውን ድምፅ ከመድረኩ ድምፅ አሥር ወይም አሥራ አምስት ሺህኛ ሰከንድ ያህል ወደኋላ ያስቀረዋል። ታዳሚው የሚሰማው ከአጠገቡ ካለው ማማ ሆኖ ሳለ፣ ዘፈኑ ግን ከመድረኩ የመጣ ይመስለዋል።

የ77ቱ ድርቅና የዌምብሌይ መድረክ

ለኢትዮጵያውያን ከስታዲየም ኮንሰርቶች ሁሉ በተለየ ሁኔታ የሚታወሰው ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ እአአ ጁላይ 13/1985፣ የተካሄደው ላይቭ ኤይድ ነው። ማይክል በርክና የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከኮረም የላኩት የቢቢሲ ዘገባ የረሃቡን ስፋት ለዓለም ካሳየ ዘጠኝ ወር ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በቦብ ጌልዶፍ ግፊት በለንደኑ ዌምብሌይ 72 ሺህ፣ በፊላደልፊያው ጆን ኤፍ ኬኔዲ ስታዲየም ደግሞ ወደ 90 ሺህ ሰው ተሰበሰበ።

የዌምብሌዩን መድረክ በድምፅ ባለሙያ ጆሮ ለመረዳት አንድ ነገር ማሰብ በቂ ነው። አንድ የሮክ ቡድን በስታዲየም ከመጫወቱ በፊት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ መሣሪያውን ሲፈትሽና ድምፁን ሲያስተካክል ይውላል። ላይቭ ኤይድ ላይ ግን ከሃያ በላይ ቡድኖችና ዘፋኞች፣ እያንዳንዳቸው ለሃያ ደቂቃ ገደማ፣ ያለ ፍተሻ እየተከታተሉ ወጡ። መድረኩ ሦስት ቦታ የተከፈለና የሚሽከረከር ነበር፤ አንዱ ሲጫወት ሌላው ከጀርባ ይዘጋጃል፣ ሦስተኛው ዕቃውን ያወርዳል። ይህ ሁሉ በቀጥታ ስርጭት ነው። ድምፁ ከነጭራሹ መሰማቱ የሚያስደንቅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚያ ቀን ከሁሉ በላይ ስማቸው የተነሳው ኩዊኖች ናቸው። ለሃያ አንድ ደቂቃቸው አስቀድመው ለንደን ውስጥ ቲያትር ቤት ገብተው ተለማምደውበታል። የፍሬዲ መርኩሪ ችሎታ እንዳለ ሆኖ፣ ከዚያ ምሽት ጀምሮ ሲነገር የኖረ አንድ ታሪክ አለ፤ የቡድኑ የድምፅ ባለሙያ ጩኸቱ ከመጠን እንዳያልፍ የተቀመጡትን መቆጣጠሪያዎች ገፋ በማድረጉ ኩዊን ከሌሎቹ ሁሉ ጎልቶ ተሰማ ይባላል። ታሪኩ በሳይንስ ዓይን ሲታይ ስሜት ይሰጣል። የቤል ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና ማንሰን እአአ በ1933 እንዳሳዩት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲደመጥ ጆሯችን ወፍራሙን ድምፅ በደንብ አይሰማውም፤ ከፍ ሲል ግን ቤዙ ይሞላል፣ ሙዚቃው የደመቀ ይመስላል። ጥቂት የጮኸው ቡድን የተሻለ የተጫወተ ይመስላል ማለት ነው።

የዕለቱ ማብቂያ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። ፖል ማካርትኒ፣ የሺአ ስታዲየሙ ፖል፣ ፒያኖ ፊት ተቀምጦ መዝፈን ሲጀምር ማይክራፎኑ አልሠራም። ለሁለት ደቂቃ ያህል በስታዲየሙም በቴሌቪዥንም የተሰማው ፒያኖው ብቻ ነበር። ሕዝቡ ዘፈኑን በቃሉ ያውቀው ስለነበር ተቀብሎ ዘፈነለት። ጌልዶፍ፣ ዴቪድ ቦዊ፣ ፒት ታውንሸንድና አሊሰን ሞዬት ለእገዛ ወደ መድረኩ ወጡ። ከሃያ ዓመት በፊት ሕዝቡ ጮኾ ያፈነው ድምፅ፣ አሁን በሕዝቡ ድምፅ ተደገፈ።

ከላይ የሚንጠለጠለው ረድፍ

ዛሬ ኮንሰርት የሄደ ሰው ከመድረኩ ግራና ቀኝ እንደ ሙዝ ጎበጥ ብለው የተንጠለጠሉ ረጃጅም የስፒከር ረድፎችን ያያል። ላይን አሬይ ይባላሉ። ዘመናዊውን ዓይነት እአአ በ1992 ለገበያ ያቀረበው ክርስቲያን ሄይል የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ሄይል በፊዚክስ የሠለጠነ ሰው ሲሆን ኤል-አኩስቲክስ የተባለው ኩባንያ መሥራች ነው።

የፈታው ችግር እንዲህ ነው። ከአንድ ነጥብ የሚወጣ ድምፅ ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። 10 ሜትር ላይ 116 ዴሲቤል የነበረው 80 ሜትር ላይ 98 ይሆናል። ከኋላ ላለው ሰው ደህና እንዲሰማ ከተፈለገ ከፊት ያለው ሰው ጆሮው መጎዳት አለበት ማለት ነው። በአንድ መስመር በጥብቅ የተደረደሩ ስፒከሮች ግን እንደ አንድ ረጅም ምንጭ ስለሚሠሩ፣ እስከ ተወሰነ ርቀት ድረስ ቅናሹ 3 ዴሲቤል ይሆናል። በተጨማሪም ድምፁ ወደ ላይና ወደ ታች ሳይበታተን ወደ ሰዉ ብቻ ይላካል፤ ጣሪያውን የሚመታው ይቀንሳል። ከስታዲየም ድምፅ ማሻሻያዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው ማለት ይቻላል።

ሆኖም ሁሉን አልፈታም። ረድፉ የሚታዘዘው ቀጭኑንና መካከለኛውን ድምፅ ነው። 50 ኸርዝ የሆነ የቤዝ ድምፅ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 7 ሜትር ያህል ነው፤ እንዲህ ያለ ሞገድ በቀላሉ አይመራም፣ ምሰሶና ሰው ከቁም ነገር ሳይቆጥር ዞሮ ያልፋል። ቀጭኑ ድምፅ በአንጻሩ ሞገዱ በሴንቲ ሜትር ስለሚለካ በሰዎች ጭንቅላት ይከለላል፤ ደረቅ አየርም ይውጠዋል፤ ነፋስ ወዲያና ወዲህ ይወስደዋል። ከሩቅ ቤዙ ብቻ የሚሰማው ለዚህ ነው።

የአየር ጠባዩም ያስቸግራል። ከሰዓት በኋላ 30 ዲግሪ የነበረ ሙቀት ማታ ወደ 18 ሲወርድ ድምፅ በሰከንድ 7 ሜትር ገደማ ፍጥነት ይቀንሳል። መቶ ሜትር ላይ ያለ ማማ ቀን የተስተካከለለት ጊዜ ማታ በስድስት ሺህኛ ሰከንድ ይዛነፋል። ባዶ መቀመጫ ድምፅ ይመልሳል፤ ሰው የተቀመጠበት ይመጣል። ስለዚህ ቀን በባዶ ስታዲየም የተፈተሸው ድምፅ ማታ ሌላ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዘፈኖች የተደበላለቁ የሚመስሉትም ብዙ ጊዜ ባለሙያው ቤቱን እንደገና እያወቀው ስለሆነ ነው።

ጎረቤቱ

ከስታዲየሙ ውጭ ደግሞ ቲኬት ያልገዛ አድማጭ አለ። በብሪታንያ እአአ በ1995 የወጣው መመሪያ በከተማ ስታዲየም በዓመት ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ለሚደረግ ኮንሰርት በጎረቤት ቤት ደጃፍ የሚሰማው ድምፅ በአማካይ ከ75 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። የማዞሪያ ሰሌዳው ፊት የተቀመጠው ባለሙያ ታዳሚው ይጨመር ሲለው የማይጨምረው፣ አንዳንድ ጊዜ ከስታዲየሙ ውጭ በተተከለ መለኪያ ስለሚገደብ ነው። እአአ ጁላይ 14/2012 ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ ብሩስ ስፕሪንግስቲንና ፖል ማካርትኒ አብረው ሲጫወቱ የተፈቀደው ሰዓት በማለፉ ድምፁ ተዘግቶባቸዋል።

ከሁሉ የከፋው ፀብ የተፈጠረው ማድሪድ ነው። ሪያል ማድሪድ ሳንቲያጎ ቤርናቤው ስታዲየምን የሚከፈትና የሚዘጋ ጣሪያ ገጥሞ፣ ኮንሰርት ዋና የገቢ ምንጭ እንዲሆን አስቦ አደሰው። እአአ በ2024 ቴይለር ስዊፍትን ጨምሮ ታላላቅ ሙዚቀኞች ተጫወቱበት። ስታዲየሙ ግን የተከበበው በመኖሪያ ሕንፃዎች ነው። ጣሪያ ዝናብን እንጂ ቤዝን አያስቆምም። ነዋሪዎቹ ተደራጅተው ተቃወሙ፤ ክለቡም በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ኮንሰርቶቹን አቋረጠ።

ጆሮው

ሦስተኛው ጉዳይ ጤና ነው። ዘ ሁ የተባለው ቡድን እአአ በ1976 በቻርልተን የኳስ ሜዳ ከስፒከሮቹ 32 ሜትር ርቀት ላይ 126 ዴሲቤል ተለክቶለት በጊነስ መዝገብ በጣም ጯሂ ቡድን ተብሎ ነበር። መዝገቡ ሰዎችን ለጉዳት እንዳያበረታታ ሲል ይህን ዘርፍ ከጊዜ በኋላ ትቶታል። የቡድኑ ጊታሪስት ፒት ታውንሸንድ የመስማት ችሎታው መጎዳቱን ደጋግሞ በይፋ ተናግሯል።

የዓለም ጤና ድርጅት እአአ በ2022 ባወጣው መስፈርት የኮንሰርት ድምፅ በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። ፈረንሳይ በሕግ የደነገገችው ጣሪያ 102 ነው። እነዚህ ቁጥሮች ስምምነት እንጂ ሙሉ ደህንነት አይደሉም። በድርጅቱ ስሌት 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ማዳመጥ ጉዳት የለውም፤ በእያንዳንዱ 3 ዴሲቤል ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ አካሄድ 98 ዴሲቤል ላይ የሚፈቀደው 38 ደቂቃ ያህል ነው። የሮክ ኮንሰርት ሁለት ሰዓት ይፈጃል።

ድምፅን በእኩል መጠን የሚቀንስ ማጣሪያ ያላቸው የጆሮ መድፈኛዎች በርካሽ ይገኛሉ። ሙዚቃውን አያፍኑትም። እንዲያውም በሚያስተጋባ ስታዲየም ውስጥ ጆሮ ከመጨናነቅ ስለሚያርፍ ግጥሙ የተሻለ ተለይቶ የሚሰማቸው ሰዎች አሉ።

የት መቀመጥ ይሻላል?

የቲኬት ዋጋ የሚተመነው በእይታ እንጂ በድምፅ አይደለም። ከመድረኩ ፊት ለፊት ያለው፣ ብዙ ጊዜ ውዱ ቦታ፣ ከተንጠለጠሉት ረድፎች ሥር በመሆኑ ዋናው ድምፅ ከላዩ ያልፋል፤ የሚሰማው ከመድረኩ ጠርዝ ላይ ከተደረደሩ ትንንሽ ስፒከሮችና መሬት ላይ ካሉት የቤዝ ሳጥኖች ነው። ዘፋኙን በቅርብ ለማየት ለሚመጣ ሰው ይህ ጉዳይ ላይሆን ይችላል።

ለመስማት የሚመጣ ሰው ግን ሜዳው መካከል አካባቢ የታጠረውን የድምፅ ባለሙያዎች ቦታ ይፈልግ። ባለሙያው ሙዚቃውን የሚያመዛዝነው እዚያ ቆሞ በሚሰማው ልክ ነው፤ ከእርሱ ጀርባ ወይም ጎን የቆመ ሰው የታሰበውን ድምፅ ያገኛል። መቀመጫ ለሚመርጥ፣ ከዚህ ቦታ በቀጥታ ከፍ ብሎ ያለው የመጀመሪያው ፎቅ የፊት ረድፎች ደህና ናቸው። መሸሽ ያለበት ከላይኛው ፎቅ ሥር ጠልቆ የገባውን የኋላ መቀመጫ ነው። ከዚያ ሆኖ የተንጠለጠሉት ረድፎች የማይታዩ ከሆነ ቀጭኑ ድምፅም አይደርስም፤ ቤዙ ግን ጣሪያው ሥር ይከማቻል። ከመድረኩ ጎን ያሉ ርካሽ መቀመጫዎች ላይም አንዱ ወገን ብቻ ይሰማል።

ችግሩን ከሥሩ ለመፍታት የሞከረ ቦታ አለ። እአአ ሴፕቴምበር 2023 በዩ ቱ ኮንሰርት የተከፈተው የላስ ቬጋሱ ስፊር መጀመሪያውኑ ለትርዒት የተሠራ ሲሆን፣ ከግዙፉ ስክሪን ጀርባ 1,600 ገደማ ስፒከሮች ተደብቀውበታል፤ ድምፁ በኮምፒውተር እየተመራ ወደየመቀመጫው ይላካል። የወጣበት 2.3 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን፣ የሚይዘው ወደ 20 ሺህ ሰው ነው። ሺአ ስታዲየም ከያዘው ከግማሽ ያነሰ ማለት ነው።